ጠባብ መታጠቢያ ቤት ከበርሜሉ ይጀምራል

ደብረ ሲና ውስጥ የቧንቧና የሴራሚክ ሥራ እሠራለሁ። ቤት አሠሪዎች ሲያነጋግሩኝ ብዙዎቹ መጀመሪያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል፤ ነጭ ግድግዳ፣ በመስታወት የተከለለ ሻወር፣ ጥግ ላይ አረንጓዴ ተክል። ያምራል። ፎቶው ውስጥ ግን በርሜል የለም፣ ጀሪካን የለም። ቧንቧው ባሻው ቀን በሚመጣበትና በሚቀርበት ቤት ያንን ፎቶ እንዳለ ብገለብጠው በሳምንቱ መስታወቱ ፊት ሁለት ባልዲና አንድ በርሜል ይደረደሩበታል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ዘመዶቼም ውሃ በፈረቃ ስለሚያገኙ መታጠቢያ ቤታቸው በጎን እየተገባ ነው።

በቅርቡ የሠራሁላቸው እናት ፎቶ አላሳዩኝም። ለመንገደኛ ቆሎ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሜትሬን ስዘረጋ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ በርሜሌንስ የት ልታደርገው ነው?» አሉኝ። በዚህ ሥራ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኼ ነው።

ክፍሉ 1.20 ሜትር በ1.80 ሜትር ነበር። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ዙሪያው የሚባክነው ማዕዘን ሲታሰብ ከወለሉ አንድ ስድስተኛውን ይወስዳል። ወደ ውስጥ የሚከፈተው የ70 ሳንቲ ሜትር በር ደግሞ ሲዞር ሌላ አንድ ስድስተኛ የሚያህል ቦታ ይጠርጋል፤ እዚያ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም። ሴራሚክ ሳይመረጥ፣ ቀለም ሳይታሰብ፣ የክፍሉ ሲሶ በበርና በበርሜል ተይዟል ማለት ነው። ስለዚህ በሩን ነቅዬ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግሁት። ይህ ለቦታ ብቻ አይደለም፤ አዛውንት ውስጥ ቢወድቁ በሩን በሰውነታቸው አይዘጉትም፣ ከውጭ ከፍቶ መድረስ ይቻላል።

በርሜሉን ለማውጣት ያገዘኝ የከተማችን ዳገት ነው። ደብረ ሲና ከጣርማ በር ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ስለሆነች የብዙ ቤት ጀርባ ከፊቱ ከፍ ይላል። የእኚህ እናት የጓሮ እርከን ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ጋር እኩል ነው። ሜዳ አገር ያለ ሰው ብረት በያጅ አስበይዶ የሚሠራውን ማማ እኛ ከመሬቱ በነፃ አገኘነው። እርከኑ ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ መደብ ሠርቼ ባለ 500 ሊትር ሮቶ አስቀመጥሁ፤ ቧንቧው ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሄድ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ቤት ይወርዳል። ውሃ በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ስለሚያገኝ፣ የአንድ ሜትር ልዩነት የሚሰጠው አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው። ሻወሩ በኃይል አይወርድም፣ ግን ይወርዳል። ቱቦውን ወፈር አድርጎ ክርኑን መቀነስ ደግሞ ያችኑ ግፊት ያተርፋል።

እዚህ ላይ ግን ዳገቱን የምናውቅ ሰዎች ነንና ጠንቀቅ ማለት አለብን። 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በአካባቢያችን በይዛባ ወይን መሬት ተንሸራቶ ስንት ቤተሰብ ከቀዬው እንደተነሳ ያየ ሰው፣ ሮቶ እርከን ጫፍ ላይ አያስቀምጥም፤ የመታጠቢያ ቤቱንም ፍሳሽ ዝም ብሎ ወደ ጎረቤት ተዳፋት አይለቅም። ፍሳሹ በተዘጋ ቱቦ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ይሂድ። የሚያፈስ ቧንቧም ሳይውል ሳያድር ይጠገን፤ ከመሬት በታች የሚሰርግ ውሃ ዳገትን የሚያላላው ቀስ እያለ ነው።

በርሜሉ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ሻወሩን መጨረሻው ግድግዳ ሥር፣ መቀመጫውን ከእሱ ቀጥሎ፣ ትንሿን የጥግ ሲንክ በሩ አጠገብ አደረግሁ። የመስታወት መከለያ አልገጠምሁም፤ እንዲህ ባለ ክፍል መከለያ የሚጋርደው ውሃውን ብቻ ሳይሆን እግርን ነው። በምትኩ ወለሉ በሙሉ በአንድ ዓይነት ሴራሚክ ተነጥፎ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ ያዘቀዝቃል። ከመቀመጫው መሐል እስከ ጎኑ ግድግዳ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር መተው አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ሰው ትከሻውን አጥብቦ ነው የሚቀመጠው።

ይህን በጠባብ ቦታ መኖርን ጃፓኖች ከማንም በላይ አስበውበታል። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ላገኘበት ለ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሎምፒክ ከተማዋ እንግዳ ስትጠብቅ፣ ኒው ኦታኒ የተባለው ሆቴል ከ1,000 በላይ ክፍሎቹን በአጭር ጊዜ ማድረስ ነበረበት። ቶቶ የተባለው የሳኒተሪ ፋብሪካ መታጠቢያ ቤቶቹን በክፍል በክፍል ፋብሪካ ውስጥ አዘጋጅቶ ሆቴሉ ውስጥ ገጠማቸው። ከእነሱ የምወድላቸው ግን ሌላ ነው፤ በብዙ ቤታቸው የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ራሱ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ነው። እጅ የታጠቡበት ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርድና ለቀጣዩ ማፍሰሻ ይሆናል። ቦታም ውሃም ያተርፋል። እቃው እኛ ገበያ ስለማይገኝ እኔ የጥግ ሲንኳን ቱቦ ከሥሯ ባለ ባልዲ ላይ አሳርፌዋለሁ፤ እናትየው ባልዲውን ለሽንት ቤት ይደፉታል።

ማስጌጡ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እዚህም አገሩን ማወቅ ይጠይቃል። ከቆላው የሚወጣው ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ይውላል። ጠባብ ክፍል ደግሞ አንድ ሰው በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ወዲያው ይታፈናል። ስለዚህ መስኮቱን ከላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር አድርጌ፣ በበሩ ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውሁ፤ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ እንፋሎቱ ከላይ ይወጣል። ቺፑድ ኮርኒስ እዚህ አይበረክትም፤ ያብጣል፣ ይሻግታል። ፒቪሲ ይሻላል። ሴራሚኩን ውሃ እስከሚረጭበት ከፍታ ብቻ አድርጎ ከላይ የዘይት ቀለም መቀባት ብዙ ብር ያተርፋል።

ለግድግዳው 30 በ60 የሆነውን ነጣ ያለ ሴራሚክ አግድም ነው የምደረድረው። መጋጠሚያው ሲያንስ ዓይን አይቆራረጥም፣ ግድግዳውም ረዘም ብሎ ይታያል። ወለሉ ግን አንጸባራቂ አይሁን፣ ሸካራውን ምረጡ። አበባ ያለበት ሴራሚክ የሚወድ ሰው አንድ መስመር ያድርግ፤ አራቱም ግድግዳ አበባ ከሆነ ክፍሉ ይጠባል። መስታወት ትልቅ ይሁን፣ ከመስኮቱ ትይዩ ይሰቀል፤ በጉም ቀን እንኳ ያለችውን ብርሃን ያበዛታል። ሳሙናና ሻምፖ ወለል ላይ እንዳይቆሙ የብሎኬቱን ግድግዳ ስሠራ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ቀዳዳ እተዋለሁ። ከበሩ በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ደግሞ መደርደሪያ ይወጣዋል፤ ፎጣና ትርፍ ሳሙና እዚያ ይውላል። መቀመጫው አጠገብ ለእናትየው የብረት መያዣ አስገባሁ፤ ቀጭን ስለሆነ ቦታ አይፈጅም፣ ፎጣም ይሰቀልበታል።

የደብረ ሲና ብርድ ቦይለር ያስመኛል። ባለ 30 ሊትሩ ለአንድ ቤተሰብ ተራ በተራ ይበቃል፤ ከመቀመጫው በላይ ያለው ሰው የማይደርስበት ቦታ ይይዘዋል። ውሃውን ከ15 ዲግሪ ወደ 45 ለማድረስ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይወስዳል። ሻወሩ አናት ላይ የሚገጠመውን ማሞቂያ ለእንዲህ ያለ ደካማ ግፊት አልመክርም፤ ብዙዎቹ በቂ ውሃ ካልገፋቸው አይነሱም። የትኛውም ቢሆን ያለ መሬት ሽቦ አይገጠም፤ እርጥብ ሰው ከ220 ቮልት ጋር የሚቆምበት ክፍል ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ ቦይለር ማንጠልጠልም አይሞከር፤ ሲሞላ ከ40 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። የጭቃ ቤት ያላቸው ሰዎች ሲጠይቁኝ መታጠቢያ ቤቱን ከጎን በብሎኬት አስቀጥለው እንዲሠሩ ነው የምነግራቸው። ሴራሚክም ጭቃ ላይ አይከርምም።

ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ደግሞ የተቀበሩትን ቱቦዎች ሜትር ዘርግታችሁ በስልክ ፎቶ አንሷቸው። መስታወት ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳው ሰው ቧንቧው የት እንዳለፈ የሚያውቀው በዚያ ፎቶ ነው።