አራት ጎማና ሦስት ጉልቻ፦ የተማሪዎች ሮቦት ሳስፔንሽን ያስፈልገዋልን?

ሦስት ጉልቻ በወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ ድስቱን ሳያነቃንቅ ይሸከማል፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን ወለሉ ጥቂት ከተዛነፈ ይነቃነቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ሮቦት የሚሠሩ ተማሪዎች የሚገጥማቸው አንድ ከባድ ምርጫ ከዚሁ የሚነሳ ነው።

በዲን ኬመን የተመሠረተው ፈርስት የመጀመሪያውን የሮቦት ውድድር ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ዛሬ በቼሳፒክ ዲስትሪክት ሥር ይወዳደራሉ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የሞንትጎመሪ ብሌር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የራሱ ቡድን አለው። ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ ምንጣፍ የለበሰ ጠፍጣፋ ወለል ነው። በ2016ቱ ውድድር ግን ሮቦቶቹ ቦይ፣ ሸካራ መሬትና የድንጋይ ግንብ የመሳሰሉ መሰናክሎች ተደቅነውባቸው ነበር።

ጎማ መሬት ቆንጥጦ የመግፋት አቅሙ በላዩ ካረፈው ክብደት ጋር ይመጣጠናል። አራት ጎማዎች በግትር ሻንሲ ላይ ሲታሰሩ አንዱ ከመሬት ከተነሳ ሞተሩ በባዶ ያሽከረክረዋል። ወደ ጎን መሄድ በሚያስችሉት የሜካነም ጎማዎች ጉዳቱ ይብሳል፤ አቅጣጫቸው የሚወሰነው በአራቱም ጎማዎች ድምር ግፊት ነውና።

ቀላሉ መፍትሔ ሞላ አይጠይቅም። የፊት ጎማዎቹን የያዘው ክፍል መሃሉ ላይ ባለ ዘንግ እንዲወዛወዝ ከተደረገ፣ ሻንሲው እንደ ጉልቻው በሦስት ነጥብ ያርፋል። ናሳ ወደ ማርስ የላካት ኪዩሪዮሲቲም ስድስት ጎማዎቿን መሬት የምታስይዘው ያለ ሞላ፣ በሚወዛወዙ ክንዶች ነው።

ሞላ የመረጠ ቡድን ስሌት ይጠብቀዋል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሮቦት በየጎማው ላይ 15 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 150 ኒውተን ገደማ ያሳርፋል። በጎማው ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ሞላ 10 ሚሊ ሜትር እንዲረግብ ከተፈለገ ጥንካሬው በሚሊ ሜትር 15 ኒውተን ይሆናል። እጅግ ከላላ ሮቦቱ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይደፋል፤ እጅግ ከጠነከረ ሞላው እንደሌለ ይቆጠራል። ካቴናውም ሌላ ጣጣ አለው፤ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ከሞተሩ ያለው ርቀት ከተለወጠ ይላላል ወይም ይወጠራል። ስለዚህ የጎማው ክንድ የሚወዛወዝበት ዘንግ ካቴናውን ከሚነዳው ጥርስ ዘንግ ጋር አንድ ይደረጋል።

ይህ ሁሉ ግን ክብደት አለው። በ2016 ሮቦቱ ያለ ባትሪና ያለ መከላከያ ከ120 ፓውንድ፣ ማለትም ከ54 ኪሎ ግራም ገደማ መብለጥ አይችልም ነበር። ለሳስፔንሽን የዋለ እያንዳንዱ ኪሎ ዕቃ ከሚያነሳው ክንድ ወይም ከሌላ ክፍል ይቀነሳል።

ከመወሰን በፊት ሮቦቱን በሚወዳደርበት ዓይነት ወለል ላይ አቁሞ በየጎማው ሥር የገባ ወረቀት መሳብ ይጠቅማል። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ያ ጎማ ሸክሙን አልተቀበለም። አራቱም አጥብቀው ከያዙና ሜዳውም ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሳስፔንሽኑን መተው የተሻለው ምህንድስና ነው።