ስልክ ሲዘጋ ትምህርት እንዳይቋረጥ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ቀኑን የሚጀምረው በእጅ ስልኩ ደወል ነው። የትምህርት ክፍል ለውጥ መኖሩን የሚረዳው በቴሌግራም በደረሰው መልእክት ነው። መምህሩ የሚያስተምሩበትን ጽሑፍም የሚያገኘው በዚያው መስመር ነው። ቤተሰቦቹ የሚልኩለትን የኪስ ገንዘብ በቴሌብር ይቀበላል። ለኮርስ ሲመዘገብም ሆነ የፈተና ውጤቱን ሲመለከት የሚጠቀመው ይህንኑ መሣሪያ ነው። ስልኩ የተሰረቀበት ወይም መብራት ጠፍቶ ባትሪው ያለቀበት ዕለት ግን ቤተ መጻሕፍቱም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውም፣ የገንዘብ ቦርሳውም በአንድ ጊዜ ይዘጉበታል።

የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው። በወቅቱ መሣሪያው በጥቂቶች እጅ የሚገኝና በዋናነት ለንግግር የሚያገለግል ነበር። ተማሪው ጽሑፍ የሚያገኘው ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከፎቶ ኮፒ ቤት በሚያስባዛው ሃንድአውት ነበር። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ጽሑፎችን በቴሌግራምና በኢሜይል መላክ ይበልጥ ተለመደ። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ መጀመሩና በ2015 ዓ.ም ሁለተኛው የቴሌኮም ኦፕሬተር በይፋ ወደ ገበያው መግባቱ ደግሞ የስልክን ጥቅም አስፍተውታል።

ለውጡ ያስገኘው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ከዋና ከተማ ርቆ የሚማር ወጣት ቀድሞ በእጁ ሊገባ የማይችለውን መጽሐፍ ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል። ዓይነ ስውር ተማሪም ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም በመታገዝ ያለ አንባቢ ማጥናት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው በመሣሪያው መጠቀሙ ሳይሆን አገልግሎት ሰጪው ተቋም ከመሣሪያው ሌላ መንገድ ሳያስቀር ሲቀር ነው። ማስታወቂያ በሰሌዳ መለጠፉ ቀርቶ በስልክ ብቻ ሲነገር፣ ስልክ የሌለው ወይም የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛበት ገንዘብ ያጣ ተማሪ ሳያጠፋ ይቀጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የክህሎት ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ኮምፒዩተር ያውቃል ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ በከፊል ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምረዋል። ንባቡንም ሆነ ጽሑፉን በስልክ ብቻ ሲያከናውን የቆየ ተማሪ ከማውስና ከኪቦርድ ጋር የሚተዋወቀው በፈተናው ዕለት ከሆነ፣ የሚመዘነው ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ያላገኘው ልምምድም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የመሣሪያው አጠቃቀም ነው። በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ በመሠራጨቱ ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ መደረጉ ይታወሳል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ አንስቶ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥም ተፈታኞች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት ስልክን በትምህርት ቤት በሕግ ወይም በፖሊሲ የከለከሉ አገሮች ከአራት አንድ እንደማይሞሉ ገልጾ፣ ቴክኖሎጂ ለትምህርት መዋል ያለበት ለተማሪው ጥቅም እስከሰጠ ድረስ መሆኑን አስገንዝቧል። በየደቂቃው የሚደርስ መልእክት የጥናት ሐሳብን ይበታትናል፤ ሌሊት አልጋ ላይ የሚታይ ስልክም እንቅልፍ ይነሳል። ስለሆነም ጉዳዩ የመከልከል ወይም የመፍቀድ ብቻ ሳይሆን ጊዜንና ቦታን የመለየት ነው።

በዚህ ረገድ የትምህርት ተቋማት ኃላፊዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ማንኛውም ማስታወቂያ በስልክ ሲሠራጭ በሰሌዳም መለጠፍ ይኖርበታል። የምዝገባ ቀነ ገደብ መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ የሚራዘምበት ግልጽ አሠራር ሊዘረጋ ይገባል። የኮምፒዩተር ክፍሎች ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ ለልምምድ ክፍት ቢሆኑ፣ በቤተ መጻሕፍትና በማደሪያ ሕንፃዎች አስተማማኝ የቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ቢዘጋጅ ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ብዙ ችግር ያቃልላሉ። የተማሪዎችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ውጤት በጋራ የቴሌግራም ቡድን መለጠፍም ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የሚይዝ ተቋም ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል።

ተማሪዎችም በበኩላቸው ሊወስዷቸው የሚገቡ ቀላል እርምጃዎች አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍን የመሰለ የወራት ድካም በአንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ብቻ ማስቀመጥ አደገኛ በመሆኑ፣ ቅጂውን በፍላሽ ዲስክና በኢሜይል መያዝ ይገባል። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል በመጫን የሚገኘውን 15 አኃዝ ያለው የስልኩን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ማኖር ስልኩ ሲሰረቅ ለማመልከት ይረዳል። የወላጅንና የቅርብ ጓደኛን ስልክ ቁጥር በማስታወሻ ደብተር መመዝገብም ከችግር ያድናል።

ተቋማት አገልግሎታቸውን ወደ ዲጂታል ሥርዓት የማሸጋገር ሥራቸውን በቀጠሉ ቁጥር ተማሪው በእጁ በያዘው መሣሪያ ላይ ያለው ጥገኝነት መጨመሩ አይቀርም። መሣሪያው በድንገት ሲከዳው ግን የሚደርስለት ሌላ መንገድ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። አንድ ተማሪ ባትሪው ስላለቀ ብቻ የምዝገባ ቀን አልፎበት ከትምህርት ገበታው ከመስተጓጎሉ በፊት ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ከሁሉም ባለድርሻ አካላት ይጠበቃል።