«ድምፅ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

«ድምፅ» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። ግሡ «ደምፀ» ሲሆን «ጮኸ፣ ድምፅ ሰጠ» ማለት ነው።

ግዕዝ ለሰው ድምፅ «ቃል»ንም ይጠቀማል። ለዚህ ነው «ቃለ ዓዋዲ» ሲባል «የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ» ማለት የሚሆነው። በአማርኛ ግን «ቃል» ለንግግሩ ሲቀር፣ «ድምፅ» ነጎድጓዱንም የሰውን ልሳንም ጠቅልሎ ያዘ።

ከዚያም ትርጉሙ ሰፋ፦ መራጭ ድምፅ ይሰጣል፤ ዘፋኝ «ድምፃዊ» ይባላል። በ«ድምፀ ተአቅቦ» ውስጥ ያለው «ድምፀ» ደግሞ የግዕዝ ዘርፍ አያያዝ ነው፤ «የ» አይጨመርበትም።

አጻጻፉስ? ብዙዎች «ድምጽ» ብለው ይጽፋሉ። ዛሬ አነባበባቸው አንድ ቢሆንም በጥንቱ ግዕዝ «ጸ» እና «ፀ» የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ የዚህ ቃል ሥር በፀሐዩ «ፀ» ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ «ድምፅ» ብለን እንጻፍ።