የከተማ መሬት አጠቃቀም ፕላንና የባለይዞታው የመገንባት መብት

በኢትዮጵያ ከተሞች ቤት የሚሠራ ሰው የሕንፃው ባለቤት እንጂ የመሬቱ ባለቤት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ ግለሰቡ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ንብረቱ እስኪሠራ ድረስ ግን መብቱ በተስፋ ደረጃ ያለ ነው፤ ተስፋው እውን የሚሆነውም የከተማው ፕላን ሲፈቅድ ነው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላኖችን ይደነግጋል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ለአንድ ሰፈር እንደ ሕንፃ ከፍታ ያሉ ዝርዝሮችን ያስቀምጣል። በሕንፃ ሕግ የተደነገገው የፕላን ስምምነት እነዚህን ፕላኖች ከግንባታ ፈቃድ ጋር ያገናኛል።

በነባር ይዞታው ላይ ያለውን የጭቃ ቤት አፍርሶ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ለመሥራት ያሰበ ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሊገጥመው ይችላል። ሐሳቡ ከፕላኑ ጋር ከተጣጣመ ወደ ፈቃድ ያልፋል። ፕላኑ ከፍ ያለ ሕንፃ የሚጠይቅ ከሆነ አቅሙን ማሳደግ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣምሮ ማልማት ይጠበቅበታል። ቦታው ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ ስፍራ የተመደበ ከሆነ ግን መልሱ ክልከላ ነው።

እጅግ አሳሳቢው ይህ ሦስተኛው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ነው። መንገዱ በፕላኑ ላይ ሰፍሮ ሳይሠራ ሲቆይ ባለይዞታው አይነሣም፤ ስለማይነሣም ካሳ አያገኝም፤ ሆኖም መገንባት አይችልም። መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚጸና በመሆኑ እገዳው እስከዚያ ሊዘልቅ፣ በክለሳም ሊታደስ ይችላል። ካሳው የሚሰላው በመሬቱ ላይ ላረፈው ንብረት ስለሆነ፣ በእገዳው ምክንያት ሳይሠራ የቀረው ቤት በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ክልከላው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በመንገድ መስመር ላይ አዲስ ሕንፃ ቢፈቀድ፣ ነገ የሚፈርሰው ንብረትና የሚከፈለው ካሳ ይበዛል። ጥያቄው የጥበቃው ዋጋ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ባለሊዙ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ግንባታውን እንዲጀምርና እንዲያጠናቅቅ ያስገድዳል። ከተማውም በፕላን የያዘውን ቦታ በተወሰነ ጊዜ እንዲያለማ፣ አለዚያም እንዲለቅ ወይም ጊዜያዊ ግንባታ እንዲፈቅድ ቢገደድ፣ የጊዜ ግዴታው በሁለቱም ወገን ይሆናል።