ከ90ው የሥራ ቀን በኋላ

የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ለእናቶች የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ጡት ብቻ ይጥባ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ ሴት ይህ 15 ሳምንት፣ 5 ቀን ለምትሠራ 18 ሳምንት ይሆናል። ከቀድሞው አዋጅ 60 ቀን ጋር ሲተያይ ትልቅ እመርታ ነው። (አባትም በዚሁ አዋጅ 3 ቀን ተሰጥቶታል፤ ለገንፎው ይበቃዋል።) ያም ሆኖ ልጁ ገና 4 ወር ገደማ ሳለ እናቱ ሥራ ትገባለች። ምክሩና ሕጉ የማይገናኙበት ሁለት ወር ከምናምን አለ፤ ይህን ክፍተት ከሚሞሉት መንገዶች አንዱ ወተቱን አልቦ ማስቀመጥ ነው።

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ክፍተቱ ይሰፋል። አየር ጤና፣ ቤቴል ወይም ዓለም ባንክ ሰፈር ያለች እናት ሥራዋ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ከሆነ፣ 2 ሰዓት ተኩል ለመድረስ 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ ቤቷ የምትደርሰው ሲመሽ ነው። አጠና ተራ የምትነግደዋ ጎረቤቷ ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሹን የላትም፤ ግን ልጇን አዝላ ወጥታ ከነጠላዋ ሥር ታጠባዋለች። ስለዚህ ማለብ ከነጋዴዋ ይልቅ የደመወዝተኛዋ ጉዳይ ነው።

አንድ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። እናቱ 11 ሰዓት ያህል ከራቀች ግማሽ ሊትር የማይሞላ ወተት ቤት መኖር አለበት ማለት ነው። ሲሰሙት የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ጡት ወተት የሚሠራው በተወሰደለት መጠን ነው፤ ሲጠባ ወይም ሲታለብ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይነሣና ለቀጣዩ ያዘጋጃል። አጋቶ ሳይታለብ ከዋለ ደግሞ ምርቱን ይቀንሳል። «ወተቴ ደረቀ» የሚሉ ብዙ ሠራተኛ እናቶች የደረቀባቸው ቀኑን ሙሉ ሳይታለብ ስለዋለ ነው። አብሹም፣ ተልባውም፣ አጥሚቱም ለአራስ ወግ ያምራሉ፤ ጡት ባዶ ማድረግን ግን አይተኩም።

ለማለብ እጅ ይበቃል። እናትየው እጇን በሳሙና ታጥባ ጡቷን በሞቀ ፎጣ ታለሰልሳለች። አውራ ጣቷን ከላይ፣ ሌባ ጣቷን ከታች፣ ከጡቷ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃ ታሳርፋለች። መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቿን ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ቆዳውን ማሸትና ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣም። መጀመሪያ ላይ የሚወርደው ጠብታ ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ከታገሡ ግን ኦክሲቶሲን ሥራውን ይጀምርና ወተቱ በቀጭኑ ይፈናጠቃል። ይህ ሆርሞን ስሜት ያውቃል፤ የልጁን ፎቶ ማየት፣ ልብሱን ማሽተት ያመጣዋል፤ በሩን የሚያንኳኳ ባልደረባ ያባርረዋል። ጡቶቹን እያፈራረቁ ማለቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

ፓምፑ ይህንኑ በአየር ምገት ይሠራል። ጡት ላይ የሚገጠም ጥሩምባ መሰል ፕላስቲክ፣ ወተቱ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ ላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ ከዚያም በእጅ የሚጨመቅ ማንሻ ወይም ሞተር አለው። ምገቱ ምን ያህል ቢጠነክር ጡት እንደማይጎዳ ያጠናው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኤይናር ኤግኔል ነው፤ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን የዛሬዎቹ የሆስፒታል ፓምፖች ከእሱ ሥራ ተነሥተዋል። ጥሩ ማሽን እንደ ሕፃኑ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ በቀላሉ ይምጋል፣ ወተቱ ሲወርድ ዘገም ብሎ በኃይል ይስባል። ካመመ፣ ብዙ ጊዜ ጥሩምባው በልክ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የእጁን ፓምፕ ወይም ቻርጅ የሚደረገውን እመርጣለሁ።

የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ያህል ይቆያል። በረዶ የተደረገበት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ 24 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ቢሮ ፍሪጅ ባይኖርም ማታ ቤት ይገባል። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ በር ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ቤት የቀረችው ሞግዚት ወይም አያት ካልተነገራት ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊሆን ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ የእናት ወተት ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ ውሃ መሰል ሰማያዊ ቢጤ ይቀራል። ያላወቀ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይደፋዋል። ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሞ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይመልሰዋል። ምድጃ ላይ ማፍላትም ማይክሮዌቭም አይሆንም። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። የታለበ ወተት ዓይን ይወድቅበታል የሚሉ አያቶች ካሉ ከመከራከር ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፈን ማድረግ ይቀላል።

በመሥሪያ ቤት በኩል፣ በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ልጅን ሜክሲኮ ድረስ በታክሲ ይዞ መምጣት ለማይታሰብባት የዓለም ባንክ እናት ግን ከማቆያው ይልቅ የሚጠቅማት ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ወንበር፣ ሶኬትና የእጅ መታጠቢያ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት። ዛሬ ብዙዎች የሚያልቡት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆመው ነው። ማንም ምሳውን እዚያ አይበላም።

ከእህት ወይም ከጎረቤት ፓምፕ መዋስ የተለመደ ነው። ለአንዲት ሴት ብቻ ተብለው የተሠሩት ሞተሮች ግን ወተት ወደ ውስጥ ሊገባባቸው ስለሚችል ቱቦውና ጠርሙሱ ቢቀቀልም ሞተሩ ውስጥ የሻገተውን የሚያጸዳው የለም። የእጁ ፓምፕ ተፈታትቶ ሁሉም ክፍሉ ይታጠባል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ልጁ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር በቀን ሦስቴ የነበረው ማለብ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል፤ ጠዋትና ማታ ማጥባቱ ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።