አደይን ከመጭ መለየት

በመስከረም አጋማሽ ሱሉልታ ላይ መኪና አቁመን አበባ ልንቆርጥ ወረድን። መስኩ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር። «አደይ! አደይ!» እያልን ጭቃው ውስጥ ገባን። ከብት የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ጥቂት ቆማ አየችንና በኦሮምኛ «ይሄ እኮ ቱፎ ነው፤ ኬሎ ከሆነ የፈለጋችሁት እዚያ ድንጋዩ ጋ ውጡ» አለችን። ቱፎ በአማርኛ መጭ ነው፤ ኬሎ ደግሞ አደይ። ከልጅነቴ ጀምሮ አደይ ስለው የኖርኩት አበባ፣ ቢያንስ በዚያ መስክ ላይ፣ መጭ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ እንደ እኔ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደጋውንና ወይና ደጋውን ቢጫ የሚያደርጉት ሦስት ዘመዳሞች ናቸው፤ አደይ፣ መጭ፣ እንዲሁም ገበሬው ለዘይት የሚዘራው ኑግ። ሦስቱም ከሱፍና ከሰላጣ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ መለያ አንድ የሚመስለው አበባ ብዙ መሆኑ ነው። አንድ አደይ ቆርጣችሁ መሀሉን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት፤ የጥቃቅን አበቦች እጅብ ነው። ዙሪያውን የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በአደይ ላይ የእነዚህ የዳርቻዎቹ ሥራ ንብ መጥራት ነው፤ ዘር የሚያዘው መሀል ላይ ነው።

ስለዚህ ቢጫውን ከላይ አይቶ መፍረድ አያዋጣም። የአበባውን ቅጠሎች መቁጠርም ብዙ አይረዳም። ዓይን መውረድ ያለበት ወደ ግንዱ ነው። የአደይ ቅጠል ስንጥቅጥቅ ያለ፣ የካሮት ቅጠልን የሚያስታውስ ነው። የመጭ ቅጠል ግን ድፍን ነው፤ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ግርጌው ግንዱን አቀፍ የሚያደርግ። በጣት ሲዳብሱት ይሻክራል፤ በሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው «ስካብራ» የሚለው ቃልም ሻካራ ማለት ነው። የበቀለበት ቦታም ይናገራል። መጭ ውኃ የሚቋጥረውን ጥቁር አፈርና እርጥብ መስክ ይወዳል፤ አደይ ደግሞ ተዳፋቱን፣ የማሳ ዳሩን፣ ድንጋያማውን ቦታ። ልጅቷ ሽቅብ የጠቆመችን ለዚህ ነበር። ኑግ እንደ መጭ ድፍን ቅጠል ቢኖረውም ማሳው ላይ ተዘርቶ ስለሚገኝ ብዙ አያሳስትም።

ቅጠሉ ካላሳመናችሁ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጠብቁና ዘሩን እዩ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ይኼ ነው። አደይ የሚመደብበት ወገን «ባይደንስ» ይባላል፤ በላቲን ሁለት ጥርስ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ሁላችንም ከምናውቀው ከጨጎጎት ዓይነቱ ዘር ነው፤ ሣር ውስጥ አልፈን ስንወጣ ሱሪያችን ላይ ተሰክቶ ከምናገኘው ቀጭን ጥቁር መርፌ። ጫፉ ላይ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስትና አራት ጥርስ አለው፤ ጥርሶቹ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ደቃቅ እሾሆች አሉ። ከገቡ የማይወጡት በእነሱ ምክንያት ነው። አደይ የጨጎጎት የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ እንደሱ ልብስ ላይ አይሰካም። ዘሩ ጠፍጣፋ ነው፤ በግራና በቀኙም ስስ ክንፍ አውጥቷል። «ማክሮፕቴራ» የሚለው ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። የመጭና የኑግ ዘር ግን ጥርስም ክንፍም የለው፤ ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ነው።

አደይ የምንለው ራሱ አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ባይደንስ ማክሮፕቴራም፣ ባይደንስ ፕሬስቲናሪያም በሕዝቡ ዘንድ አደይ ናቸው። ይህን የተጠላለፈ ወገን ፈትሸው በየስሙ ካስቀመጡት ሰዎች ዋናው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው። የባይደንስ ማክሮፕቴራ ሙሉ ሳይንሳዊ ስም በየትኛውም አገር ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «መስፍን» ይላል፤ ተክሉን አሁን ካለበት ወገን የመደቡት እሳቸው በመሆናቸው ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። እነ አደይ ያሉበትን ክፍል መስፍን ጽፈውት በ2004 ታትሟል። የተጫኑትና የደረቁት ናሙናዎች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ከወረቀት ጋር የተሰፋ አደይ ቢጫው ቢደበዝዝም ቅጠሉ አሁንም ስንጥቅጥቅ ነው።

ወደ ጓሮ እንምጣ። አደይ በአንድ ዓመት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ የሚሞት ተክል ነው። ግንድ ነቅሎ አምጥቶ መትከል ስለዚህ ድካም ብቻ ነው፤ የሚያዋጣው ዘር ነው። በጥቅምት ማብቂያና በኅዳር አበባው ረግፎ ራሱ ሲጠቁርና ሲደርቅ፣ በጣት ሲነኩት ዘሩ በቀላሉ ሲለቅ፣ ያኔ ይለቀማል። በፌስታል ማስቀመጥ እርጥበት ይቋጥርና ያሻግታል፤ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ዝናቡ ሲይዝ፣ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘውን ቦታ ከሣር አጽድታችሁ አፈሩን ጫር ጫር አድርጉት። ዘሩን በትናችሁ በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል፤ በጥልቀት አይቀበርም። ፍግ አትጨምሩ። የደለበ አፈር ላይ አደይ ግንድና ቅጠል ያበዛል፣ ይወድቃል፣ አበባውም ያንሳል። ስስ አፈር ላይ ነው የሚያምረው። ሲወጣ በስንዝር፣ በስንዝር ተኩል ርቀት አሳሱት። በረንዳ ላይ ብቻ ቦታ ያላችሁ ከሥሩ የተበሳ ሰፊ ቆርቆሮም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ቡቃያው የጨጎጎትን ቡቃያ ይመስላል። በመጀመሪያው ዓመት የዘራሁትን በሙሉ አረም መስሎን በሐምሌ ነቅለን ጣልነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የዘራሁበትን ዳር ዳሩን በጠጠር እከባለሁ፤ ስንጥቅጥቁ ቅጠል በደንብ እስኪለይ ድረስም እዚያ ውስጥ ማንም እጁን አያስገባም።

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከቄጤማ ጋር በየመንገዱ የሚሸጠው አደይ አንዳንዱ ከነሥሩ የተነቀለ ነው። ይኼ ያሳስበኛል። ከነሥሩ የሄደ አደይ ዘር ሳይጥል ነው የሄደው፤ ለከርሞ እዚያ ቦታ ላይ የሚበቅል የለም። ከቅጠሉ አንጓ በላይ በመቀስ ቢቆረጥ ግን ከጎኑ ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ እስከ ጥቅምት ያብባል። ልጃገረዶች ለአበባየሆሽ ሲወጡ መቀስ ይያዙ፤ ለደመራው የሚቆርጠውም ከአንድ ቦታ ጥቂት ጥቂቱን ይውሰድ። ንቡም ድርሻ አለው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር በአብዛኛው የሚመጣው ከአደይ፣ ከመጭና ከማገጥ አበባ ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በመስከረም መንገድ ዳር «አደይ አየን» ሲሉ ብዙም አልተሳሳቱም። እዚያ የሚያብበው ባይደንስ አሪስቶሳ የሚባል የአሜሪካ ተወላጅ ሲሆን የአደይ የሥጋ ዘመድ ነው። ያለ ፈቃድ ዘር በሻንጣ ይዞ መግባት ስለማይቻል ለመስቀል እሱን ጓሮ ላይ መዝራት ጥሩ መላ ነው።

ዓይን አንድ ጊዜ ከተከፈተ በቢጫው አይቆምም። ነጩ ባለ እሾህ ጽጌረዳ ቀጋ ነው፤ ፍሬው ይበላል። ወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ ነጭ አበባው መሀሉ ሐምራዊ የሆነውን ካያችሁ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ ነው፤ የሚፈለገው ሥሩ ነው።

የዘንድሮው ዘሬ ደርቋል። ትናንት ማታ በሳህን ላይ ዘርግቼ ክንፍ ያላቸውን ከገለባው ለየሁና ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ቤተ መዘክር ውስጥ እንዳየሁት ፖስታው ላይ ከስሙ ሌላ የተለቀመበትን ቦታና ቀኑን ጻፍኩበት፤ ባይደንስ፣ ሱሉልታ፣ ኅዳር 3፣ ከድንጋዩ በላይ።