የስድስት አገር ቪዛ የሥራ ቪዛ አይደለም

የባሕረ ሰላጤው አገራት ለቱሪስቶች ስለሚያዘጋጁት የጋራ ቪዛ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ግን መልኩን ሊለውጥ ይችላል። «አሁንማ በአንድ ቪዛ ስድስቱም አገር ገብተሽ ትሠሪያለሽ» የሚል ደላላ ታናሽ እህታችሁ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ እናንተ እውነቱን ብትነግሯት ይሻላል።

የሳዑዲ፣ የኤምሬትስ፣ የኳታር፣ የኩዌት፣ የባህሬንና የኦማን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮች ዕቅዱን ያጸደቁት በፈረንጆቹ ኅዳር 2023 ሙስካት ላይ ነው። ሐሳቡ ከአውሮፓው ሸንገን ጋር ይመሳሰላል፦ ጎብኚው በአንድ ቪዛ ከአገር አገር ይዘዋወራል። ይህ እንዲሆን ደግሞ አገራቱ ማን እንደገባ፣ ስንት ቀን እንደቆየና መቼ እንደወጣ መረጃ መለዋወጥ አለባቸው። ስለዚህ «እዚህ ቀኔ ቢያልፍ እዚያ ማን ያውቃል» ብሎ መተማመን አያዋጣም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በቱሪስት ቪዛ የገባች ሴት ኮንትራትም ኢቃማም የላትም። ለምሳሌ በኤምሬትስ የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድና ፓስፖርትን በራስ እጅ የመያዝ መብት ይሰጣል። ይህን መብት ለመጠየቅ ግን መነሻው ሕጋዊ ኮንትራት ነው። ኮንትራት የሌላት ደመወዟን ስትከለከል ለመክሰስ ትፈራለች፤ አሠሪዋም ይህን ያውቃል።

ዓለም አቀፍ ሕጎችስ ምን ይላሉ? የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ1999 ቺሊ ላይ ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ሰውን መበዝበዝ ከቱሪዝም ዓላማ ጋር እንደሚጋጭ ይናገራል። ለሠራተኛ መብት የተለየ አንቀጽም አለው፤ አንቀጹ ግን የሚመለከተው በቱሪዝም ዘርፍ የሚሠሩትን ነው። ለቤት ሠራተኞች የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የ2011 ስምምነት ቁጥር 189 ነው። ከአገር ወጥታ የምትቀጠር ሠራተኛ ድንበር ከማቋረጧ በፊት የጽሑፍ የሥራ ውል እንዲደርሳት ያዛል። ስድስቱ አገራት ስምምነቱን ባያጸድቁትም፣ ምክሩ ለእኛ ይጠቅማል።

እህታችሁ ስትደውል ሦስት ነገር ጠይቋት፦

ቪዛው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? «ጉብኝት» ወይም «ቱሪስት» ከሆነ ለሥራ አይሆንም።

ኮንትራቱን በእጇ ይዛዋለች? «ስትደርሺ ትፈርሚያለሽ» ከተባለች ትቁም።

ገንዘብ የጠየቃት ማን ነው? በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። ለቪዛ ብላችሁ በሬ አታሽጡ።

በጉብኝት ቪዛ ገብታ የምትሠራ የምታውቋት ካለችም፣ ቀኗ ሳያልፍ ወደ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንድትደውል አበረታቷት። ቀኑ ካለፈ በኋላ ቅጣቱ ይከማቻል፤ መፍትሔውም እየራቀ ይሄዳል።